ፊቴ ከላይ፣ እኔ ከታች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ ወዳጄ። አፍንጫህ ምን ዓይነት ነው? ቆይ፣ እጅህን ወደዚያ አትስደድ። ሳትነካው ንገረኝ። አየህ፣ አታውቀውም። ዕድሜህን ሙሉ ከፊት ከፊትህ ሲሄድ፣ ጉንፋን ሲይዘው ስትጠርግለት ኖረህ መልኩን ግን አታውቀውም። የጎረቤትህን አፍንጫ ብጠይቅህ ከነጠባሳው ትዘረዝርልኛለህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለወጥ ብቻ መሰለህ?

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ከአፍንጫዬ ጋር በደንብ የተዋወቅነው ባለፈው ዓመት ነው፤ እሱም በግድ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሐረር ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። አንድ ቀን ርዕሰ መምህራችን ቢሮ አስጠሩኝና ያንተ ክፍለ ጊዜ ትንሽ ነው አሉኝ። ይህች ንግግር ምን አስከትላ እንደምትመጣ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ጠፍቷልና ሥዕሉንም ያዝ ተባልኩ። ኧረ እኔ ሥዕል አልችልም ብል፣ ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ የምትስለው ጋሪስ? ብለው አፌን አስያዙኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጋሪ እስላለሁ። ዳገት ላይ የቆመ ጋሪ፣ ሁለት ክብና አንድ ሳጥን። ይሄን ሁሉ ዓመት ስስለው አንድም ቀን የሚጎትተው ፈረስ ጨምሬለት አላውቅም።

ክፍል ገባሁ። ምን ላስተምር? አፌ ላይ እንደመጣልኝ፣ ሁላችሁም የገዛ ፊታችሁን ስላችሁ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ታመጣላችሁ አልኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ከኋላ አንዷ ተነሥታ “ቲቸር፣ አንተስ?” አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መቼም የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ እኔም አመጣለሁ አልኩ። ይባስ ብዬ፣ ሥዕሉን አይታችሁ እኔ መሆኔን ካላወቃችሁ ለሁላችሁም ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ ብዬ ማልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ።

ምን ተማምኜ እንደማልኩ ልንገርህ። ጆሮዬን ተማምኜ ነው። ተማሪዎቹ በጓሮ “ዲሽ” እያሉ ነው የሚጠሩኝ። የማላውቅ ይመስላቸዋል፤ ግን በዚህ ጆሮ እንዴት አልሰማም? እነዚያን ሁለት ጆሮዎች አሳምሬ ከሳልኩ፣ መሀላቸው ጋሪም ባቆም ያውቁኛል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰድህ። የምንኖረው ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን በሚያሳልፍበት ቀጭን መንገድ ዳር ነው። ግቢው የአዴ ኑሪያ ነው። አዴ ማለት በእኛ አገር እማማ እንደማለት ነው። ትልቁ ቤት ውስጥ እሳቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴ ጽጌ ደግሞ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይተን ይኸው ሰባት ዓመታችን ነው። ባላቸው አቶ ዩሱፍ እኛ ከመግባታችን በፊት ስላረፉ በዓይኔ አላየኋቸውም። ፎቶም የላቸውም፤ ካሜራ አይወዱም ነበር አሉ። አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነበረቻቸው። እሷም ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለች ታጠበችና ፊታቸው ሄዶ የቀበሌው ማኅተም ብቻ ቀረ።

ያን ሰሞን ግቢያችን ከፍቶት ነበር። የአቶ ዩሱፍ ታላቅ ወንድም ሐጂ ሙክታር ድሬዳዋ ነው የሚኖሩት። ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን አዴ ኑሪያን ክረምት ላይ ደረጃው አንሸራትቶ ከጣላቸው ወዲህ፣ አንዲት አሮጊት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ምን ትሠራለች፣ ዘግታ እኛ ዘንድ ትምጣ እያሉ ሰው ይልካሉ። አዴ ኑሪያ ደግሞ በሙሽርነት ከገባሁበት ቤት በቃሬዛ ካልሆነ አልወጣም ባይ ናቸው። ይሄን ለእኛ ይሉናል እንጂ ለባላቸው ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት እንዴት ይናገሩታል? ነውር ነው። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው፣ ቅዳሜ መጥቼ ነገሩን እጨርሳለሁ ብለው ላኩ። ቤቱ ከተዘጋ እኛም መውጣታችን ነው። አዴ ኑሪያ ምግባቸውን ትተው ነበር። ጽጌም ሳህን ባጠበች ቁጥር፣ ይሄን ሁሉ ዕቃ የት ነው የምወስደው? እያለች ግድግዳውን ትጠይቃለች።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ እኔ ፊቴን የምስለው። መስታወት ፈልጌ ጽጌን ብጠይቃት፣ የቁም ሣጥኑን በር ነቅለህ ልትሄድ ነው? አለችኝ። ስለዚህ ሸዋ በር ወርጄ የባጃጅ የጎን መስታወት ገዛሁ። እሱን ይዤ ስመለስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየኝና፣ ባጃጅ ገዛህ? እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጨበጠኝ። የቀረውን እንዴት እንደማሟላ አልጠየቀኝም።

መስታወቱን የግቢው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ዱካ ስቤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። የባጃጅ መስታወት አንድ ችግር አለበት። ጠጋ ካልከው አንድ ዓይንህን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ራቅ ካልክ ደግሞ ጽጌ ያሰጣችው ልብስ ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል። እናም ፊቴን በቁራጭ በቁራጭ መሳል ያዝኩ። ሰኞ ቀኝ ዓይኔን ሳልኩ። ትንሽ የተባለው ክፍለ ጊዜዬ በሙሉ የተቆለለው ሰኞ ላይ ስለሆነ ዓይኑ ሰው ሊደበድብ የተነሣ መሰለ። ማክሰኞ ግራ ዓይኔን ሳልኩ። ማክሰኞ ጥሩ ፉል በልቼ ስለነበር ያኛው ዓይን ፈገግ አለ። ረቡዕ የአፍንጫዬ ቀን ነበር፤ ያን ቀን ነው የተዋወቅነው። ብዙም አልተዋደድንም። ሐሙስ ጆሮዎቼን ሳልኩ። ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ የግራውን ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ጽጌ መጥታ አየችው። ይሄ ሰውዬ በአንዱ ዓይኑ ግቡ ይላል፣ በአንዱ ዓይኑ ውጡ ይላል፤ ለመሆኑ ማነው? አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

እሷ እንደሄደች አዴ ኑሪያ ቢላ እንደያዙ ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ምን እየሠራህ ነው ብለው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“ያ አላህ! ዩሱፍ!” አሉ።

እኔ ነኝ እኮ አዴ ልል አፌን ስከፍት እንባቸው ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ሳታየው መልኩን እንዴት አወቅኸው፣ ወላሂ ይሄ የአላህ ሥራ ነው እያሉ ግንባሬን ሳሙኝ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ግን ሞኙ ለቀቅሁ፤ ወረቀቱም ከቢላው ጋር ወደ ትልቁ ቤት ገባ።

የሐረሪ ቤት ገብተህ የማታውቅ ከሆነ የደረሰብኝ አይገባህም። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር የለም። ምንጣፍ የተነጠፈባቸው፣ አንዱ ካንዱ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩ መደቦች ናቸው ያሉት፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ዋናው፣ የአሚር ነደባ የሚሉት፣ የአባወራው ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያያል። አቶ ዩሱፍ ካረፉ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። እኔ እንኳ ሰባት ዓመት ሙሉ ስገባ የምቀመጠው ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ባለችው ታችኛዋ ላይ ነው።

አዴ ኑሪያ ሥዕሌን ፍሬም አልብሰው ከአሚር ነደባ በላይ ሰቀሉት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። መቼም ሐረር ጅብን የማያውቅ አገር አይደለም፤ ቢሆንም የእኔ ፊት ሳይጠይቅ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ጫማዬን አውልቄ በሩ ሥር ቁጭ አልኩና ቀና ብዬ አየሁት። ፊቴ ከላይ፣ እኔ ከታች። በሰኞው ዓይኑ ገላመጠኝ።

ጽጌ ሂድና እውነቱን ንገራቸው አለችኝ። የማያውቁህ አሮጊት ቢሆኑ እሺ፣ ሰባት ዓመት ያበሉህን ሴትዮ በሐሰተኛ ባል ትሸነግላለህ? አለች። እነግራቸዋለሁ አልኩ። አልነገርኳቸውም። አሳዘኑኝ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር አለ፣ ላንተ ምን እደብቅሃለሁ? ደስ ብሎኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ያሉትን አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ለመሆኑ አቶ ዩሱፍ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የተደረደሩበት መኪና ግርግር የሚባል ሰፈር አለን፤ ስሙ ከስፌት መኪናው ጫጫታ የመጣ ነው። ዩሱፍ በወጣትነቱ በዚያ ሲያልፍ ያ ሁሉ መኪና ጸጥ ይል ነበር አሉኝ። ወንዱም ሴቱም መርፌውን አቁሞ ያየው ነበር። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን እሱን ሲያዩ ጣታቸውን ሰፍተዋል፤ ጠባሳውን አሳዩኝ።

እንግዲህ አስበው። አዴ ኑሪያ የእኔን ፊት አይተው የዚያ ሰው ነው ብለዋል! ቤት ገብቼ የቁም ሣጥኑን መስታወት በአክብሮት አየሁት። ለካ ጽጌ ሳላውቀው ስንት ነገር አግኝታለች። ዓርብ ዕለት ያለ ምንም ጉዳይ በመኪና ግርግር በኩል አለፍኩ። ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት። አንድም መኪና አልቆመም። የበዓል ልብስ ደርሶባቸው ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዴ ኑሪያ የሳለው ሰውም ይኑር ብለው አስጠሩኝና ቦታዬ፣ ጫማው አጠገብ፣ ተሰበሰብኩ። ሐጂ ሙክታር ነጭ ጢማቸውን አበጥረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። አሰላሙ አለይኩም ብለው ቀና ሲሉ ከፊቴ ጋር ተፋጠጡ። እዚያው ቆሙ።

“መምህሩ ነው የሳለው። ዩሱፍ ነው” አሉ አዴ ኑሪያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሐጂ ሥዕሉን አዩ። አዴ ኑሪያን አዩ። ከዚያ ወደ ታች ወደ እኔ አዩና ተመልሰው ሥዕሉን አዩ። ይሄ ደግሞ ማን ነው? ቢሉ ሁሉም ነገር አበቃለት፤ ቤቱም፣ የአዴ ኑሪያ ደስታም፣ የጽጌ ሳህኖችም። የዓርቡ ኩራቴ የት እንደገባ እንጃ። ምነው እኔ ጋሪ ብቻ እየሳልኩ በኖርኩ አልኩ።

“ማሻአላህ” አሉ በመጨረሻ። “ራሱ ነው።”

ተነፈስኩ። ግን አልጨረሱም። ጆሮው በዝቷል አሉ። የወንድሜ ጆሮ ትንሽ ነበረች፣ ይሄ ይታረም። ላጲስ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልረገጥኩት የአሚር ነደባ ላይ ወጣሁና በገዛ እጄ የገዛ ጆሮዬን መቁረጥ ጀመርኩ። ሐጂ ከታች ሆነው በከዘራቸው ጫፍ ያዙኛል። በግራ ቀንስ። አሁንም ቀንስ። አብሽር፣ አያመውም፣ ቀንስ። ጆሮው ሲያልቅ ኮፍያ አድርግለት ተባልኩና ኮፍያ አደረግሁለት። ከነደባው ስወርድ ዲሽ የሚባል ሰው ግድግዳው ላይ አልነበረም።

ከዚያ ሻይ መጣ። ሐጂ ትልቁ ነደባ ላይ አልተቀመጡም። ዝቅ ካለው ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር ተቀመጡ። ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አወሩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቀና ይሉና መልሰው ይዘጉታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ባለቤቱ ከላይ ሆኖ በሰኞው ዓይኑ ያፈጥባቸዋላ! ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርሱ፣ ኑሪያ፣ ደረጃው ላይ የእጅ መያዣ ብረት ይሠራልሽ አሉ። ኢንሻአላህ አሉ አዴ ኑሪያ። ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሐጂን እስከ ሸዋ በር ልሸኛቸው ወጣሁ። ቀጭኗ መንገድ ላይ እንደደረስን ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩና ጆሮዬን ያዙኝ። ቀልዴን አይደለም፤ እንደ ተማሪ ጆሮዬን ቆንጥጠው ያዙኝ።

“ይቺን ጆሮ የትም ባያት አውቃታለሁ” አሉኝ። “ዩሱፍን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የወንድሜን መልክ አንተ አትነግረኝም።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገር ግን ጆሮዬን ለቀው ትከሻዬን ያዙኝ። ሴትዮዋ ቤቷን ከምትለቅ የተከራይ ፊት ባሌ ነው ብላ እስከ ማመን ከደረሰች፣ ከዚህ በኋላ ተነሺ የምልበት ምን አፍ አለኝ? አሉ። እንዳወቅሁ አትንገራት፣ ታፍራለች፣ አደራ አሉኝ። እሺ አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ሰኞ ጠዋት ሥዕሉን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተውሼ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። አዴ ኑሪያ ባሌን እንዳትጥለው ብለው በነጠላ ጠቀለሉልኝ። ክፍል ገብቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ይሄ ማን ነው? አናውቀውም ቲቸር አሉ ባንድ ድምፅ። አንዱ አባትህ ናቸው? አለኝ። ያቺ መጀመሪያ ነገር የጫረችብኝ ልጅ ተነሥታ፣ ቲቸር፣ እኛ የምናውቀው ሰው እኮ ጆሮ አለው አለችኝ። ሙሉ ማርክ ለሁሉም። ምን ልበል? ምያለሁ።

ስመለስ አዴ ኑሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን አሉህ? አሉኝ። አላወቁኝም አልኩ፤ ለካ ምላሴ አንሸራትቶኛል፤ አላወቋቸውም ማለት ነበረብኝ። አዴ ኑሪያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልጆችህ ማርክ ፈልገው ዋሽተውሃል፣ እኔ እንኳ ከማድ ቤት ብቅ እንዳልኩ ነው ያወቅሁህ አሉኝ።

ክው አልኩ። ያ ሁሉ እንባስ? ብላቸው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ አልነበር? አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዲያው የዩሱፍ ቦታ ባዶ ሲሆን ነው እኮ ሰው ሁሉ ተነሺ የሚለኝ፣ የሚቀመጥበት ፊት አጣሁ፣ ያንተን አገኘሁ አሉኝ። ከዚያ ክንዴን ሳብ አድርገው፣ ሐጂ ግን ለዩት እንዴ? ብለው ጠየቁኝ። ኧረ በፍጹም፣ አምነው ነው የሄዱት አልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ እንዳትነግራቸው፣ ያፍራሉ፣ አደራ አሉኝ።

እሺ አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ መሄድ ነበረብኝ። ግን ሰው አይደለሁ? አንዲት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረችብኝ። ሥዕሉን መልሼ እየሰጠኋቸው፣ ግን አዴ፣ እሳቸውን ትንሽ እንኳ አልመስልም? በአፍንጫ በኩል እንኳ? አልኳቸው።

አዴ ኑሪያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እንደዚያ አዝኖልኝ ያየኝ ሰው የለም።

“መምህር” አሉኝ፣ “የኔ ዩሱፍ ሲያልፍ የመኪና ግርግር ስፌት ሁሉ ቀጥ ይል ነበር። ዓርብ ዕለት አንተም በዚያ ስትንጎማለል አይቼሃለሁ። አንድስ ቆመልህ?”